ባሕሩ ሸሸ ወይስ መሬቱ ተነሣ

ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል እውቀታቸው ለአገር ይበቃል፤ እልሃቸው ግን ከእውቀታቸውም ይበልጣል። ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ያለን ሐበሾች ሁሉ እናውቀዋለን። በተማሪነት ጀርመን ገብተው ጂኦሎጂ አጠኑ፤ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት መሬቱን ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታቸውም ራሱ ጉድ ነው። ጥገኝነት ሲጠይቁ የተወለዱበትን ዓመት ቢጠየቁ «አርባ ስድስት» አሉ፤ በኛ አቆጣጠር! ጸሐፊው የፈረንጅ መስሎት እንዳለ ጻፈው። እኩዮቻቸው ገና ሥራ ላይ እያሉ ጋሼ በወረቀት ሰባት ዓመት አርጅተው ቤታቸው ተቀመጡ። ስንቱን ቀን ስቀንበታል መሰላችሁ።

ጓደኛቸው ጋሽ ርግኣት የምጽዋ ልጅ ናቸው። ሁለቱ አንድ ክፍል ተምረዋል፣ ከአንድ ድስት በልተዋል። ጨዋታቸው ሁልጊዜ ስለ ባሕር ዳርቻ ነበር። ጋሽ ርግኣት ያገራቸውን ፎቶ ያወጣሉ፤ ከውኃው ከፍ ብሎ እንደ ደረጃ የተደረደረ የኮራል ድንጋይ። ኮራል የሚያድገው ባሕር ውስጥ ነው፤ ታዲያ እዚያ ላይ ማን አወጣው?

«መሬቱ ተነሥቶ ነው» ይላሉ ጋሽ ርግኣት፤ «የኛ ምድር ከሥሩ እየተሰነጠቀ አንዱ ጋ ይነሣል፣ ሌላው ጋ ይሰምጣል።»

«ባሕሩ ሸሽቶ ነው እንጂ!» ይላሉ ጋሼ። ዓለም ስትሞቅ በረዶው ይቀልጣል፣ ውኃውም ራሱ ሲሞቅ ያብጣል፣ ባሕሩ በየአገሩ ከፍ ይላል። ስትበርድ ደግሞ ውኃው በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ይከማቻል፣ ባሕሩ ይወርዳል፣ የድሮው ዳርቻ ከፍ ብሎ ደረቅ ላይ ይቀራል። ተመልሶ ሲሞላ የወንዙን ሸለቆ ሳይቀር ይውጠዋል። እኔ አንድ ቀን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እኮ» ብላቸው ሁለቱም ተቆጡኝ። ሲከራከሩ ደስ ይሉ ነበር።

የከፋው ቀን የመጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ገና ትኩስ ሳለ ነው። የጋሽ ርግኣት ልጅ የሶሊ ክርስትና ላይ ነበርን። ያው ክርክር ተነሣ። አንዱ ነገረኛ ከጥግ ሆኖ «ለመሆኑ ባሕሩ የማነው?» አለ። ጋሼን መጠጡም ገፋፍቷቸው ነው መሰል፣ ወደ ጋሽ ርግኣት ዞረው «ባሕሩ እንኳ አልወደዳችሁም፤ ሸሽቷችኋል!» አሏቸው። የጋሽ ርግኣት ወንድም በዚያው ሰሞን ግንባር ላይ ቀርቷል። ኧረ ምን ዓይነት ምላስ ነው! ጋሽ ርግኣት ልጃቸውን አቅፈው ወጡ።

ጋሼ ዘንድ ሽማግሌ ልከን ነበር። በኛ ወግ ታናሽ ነው ታላቁ ደጅ ሄዶ እግር የሚስመው። ጋሽ ርግኣት ታላቃቸው እንደሆኑ ጋሼ አሳምረው ያውቃሉ። ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በወረቀት ታላቁ እኔ ነኝ፤ እሱ ይምጣ!» አሉ። በዚያ የተሳሳተ ወረቀት ድርቅ አሉ። በአንድ ትራም እየተሳፈሩ እንደማይተዋወቅ ሰው ተቀምጠው ሁለቱም አረጁ።

ዘንድሮ ለዐቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን ሶሊ ደወለችልኝ። አባቷ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ያለ የአረጋውያን ቤት ገብተዋል። «ኤር ሽቲርብት» አለችኝ፤ ሊሞት ነው ማለቷ ነው። ሮጬ የጋሼን በር ደበደብኩ።

«እሱ እኮ ታናሽ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አላስጨረስኳቸውም።

«ጋሼ! ሰውየው መቆም አይችሉም፤ በምናቸው ይምጡ? ኧረ እግዜርን ይፍሩ!»

ወንበር ላይ ዘጭ ብለው አለቀሱ። «ታላቄ ነው» አሉ፤ «መቼ ጠፋኝ።» ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ድንጋይ አወረዱ፤ እዚሁ ፍራንክፈርት መሠረት ሲቆፈር ያገኙት፣ ደቃቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የታጨቀበት። ይህም ከተማ ጥንት ውኃ ለብሶ ነበር አሉ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ አይደል የሚሄደው? በትራሙም በምድር ውስጥ ባቡሩ በኡባኑም ሰው ሁሉ እያያቸው ጫንቃቸው ላይ እንደያዙት ከኔ ጋር ሄዱ።

ጋሽ ርግኣት አልጋቸው ላይ ናቸው። ጋሼ ከነድንጋዩ ተንበረከኩ። «ርግኣት፣ አጥፍቻለሁ። ስለ ወንድምህ ነፍስ ብለህ ይቅር በለኝ።»

ጋሽ ርግኣት ትክ ብለው አዩአቸው። ሶሊ ቀስ ብላ ነገረችን፤ በሽታው አማርኛውንም ጀርመንኛውንም ወስዶባቸዋል፣ የቀረላቸው የልጅነት ትግርኛቸው ብቻ ነው። እሷ እናቷ ጀርመናዊት ስለሆነች ትግርኛ አታውቅም። ከዚያ ጋሽ ርግኣት ተናገሩ። ረጅም ነገር ነው፤ ዓይናቸውን ከጋሼ ላይ አልነቀሉም፣ ፊታቸው ላይ ቁጣም ፈገግታም አላየሁም።

«ምን አለ? ምን አለኝ?» ጋሼ ተራ በተራ አዩን።

ሶሊ «ኢሽ ቫይስ ኒሽት» አለች። እኔም አላውቅም። ትግርኛ የሚችል ሰው በስልክ እስክንፈልግ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ጋሼ አሁን ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያንን ንግግር ሊደግሙልኝ ይሞክራሉ። ለኤርትራውያን ሁሉ ደግመውላቸዋል፤ ማንም ትርጉም አላገኘበትም። «ተዉት ጋሼ፣ ይቅር ብለውዎት ነው» ብላቸው አይሰሙኝም።

«ያኔውኑ ብሄድ ኖሮ» ይላሉ፣ «በአማርኛ ይመልስልኝ ነበር።»