ድመቷ ገደሉን ያየች ቀን

ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ያደገችውን ድመት ልጄ ደረቷ ላይ ማሰሪያ አጥልቃ በገመድ ወደ ደጅ ስታወጣት፣ በልጅነቴ የኖርኩበት አንኮበር ትዝ አለኝ።

ቄሱ አባቴ አንድ ጠዋት «እሷም ዓለምን ትየው» ብለው፣ ከቤት ወጥታ የማታውቀውን ድመታችንን በጥቁር የሱፍ ክር ደረቷን አሰሯት። ማተብ መስሎኝ «አባባ፣ ክርስትና ልትነሳ ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉሙ ከእግራችን በታች ተገለጠ፤ ቆላው እስከ ሰማይ ዳርቻ ተዘረጋ። ድመቷ ድርቅ ብላ ቀረች። ጢሟ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ክሩን ልጎትት ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

«ተያት፤ እየጸለየች ነው» አሉና ጥምጣማቸውን አወለቁ።

በየቀኑ የማልፍበትን ገደል ገና ያን ቀን አየሁት።

አሁንም የልጄ ድመት ደጃፉ ላይ ቀና ብላ ቆማለች። ልጄ ገመዱን ልትጎትት ስትል እጇን ያዝኩ።

«ምን እያየች ነው?» አለችኝ።

ነጠላዬን ራሴ ላይ ሳብ አደረግኩ።