ከቆርቆሮ ሱቆቹ ጀርባ ያነበብኩት ደብዳቤ

ትናንት ከቡሬ ገበያ ስመለስ የጣሊያን ካሚዮኖች መንገዱን ዘጉት። አንድ ባንዳ «ዞር በሉ!» እያለ ሲገፈትረን በሁለት ቆርቆሮ ሱቆች መሀል ሹልክ አልኩ...

ከሱቆቹ ጀርባ ሌላ አገር አለ! ስንት ቅዳሜ ተመላለስኩ፣ አይቼው አላውቅም። የሣር ጎጆ፣ የቁልቋል አጥር፣ ሁለት ሰው የማያሳልፍ መንገድ። የካሚዮኑ ጩኸት እዚያ ሲደርስ የንብ ድምፅ ያህል ነው።

ዳዊት የሚደግሙ አንድ ቄስ አገኘሁ።

«አባ፣ ይኸ ሰፈር የማን ነው?»

«የደብሩ ነዋ! እኛማ የጥንት ነን፤ ከተማው ነው መጥቶ የከበበን።»

ደስ ብሎኝ ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥ አድርጌ በየጉራንጉሩ ስዞር...

«ጥሩዬ! ፊደል አዋቂዋ!»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ መለስኩ፤ ግን ዘገየሁ። እማማ ይታይሽ ናቸው። ገበያ በሄድኩ ቁጥር ፊቴን የምሸፍነው ከእሳቸው ነበር።

ደምበጫ ሳለን ጎረቤታሞች ነበርን። ባሌ ተማሪ ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ ፊደል ለቅሜያለሁና፣ አምና ኅዳር አርበኛ ልጃቸው ካለበት ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እኔ ሮጡ። የጻፈው ጓደኛው ነው። «በጥቅምት ወድቋል» ይላል። የባሌ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር፤ ሌላ ለቅሶ መክፈት አቃተኝ።

«ደህና ነኝ ይላል» አልኳቸው። እልል አሉ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ስል ወደ ቡሬ ሄዱ። እኔም... እፎይ አልኩ፤ ኋላ ግን ኑሮ እኔንም ወደ ቡሬ አጠገብ አመጣኝ።

ትናንት ጎጆአቸው አስገቡኝ። መደቡ ላይ የወንድ ጋቢ ታጥቦ ተጣጥፏል። ደብዳቤውን ከጨርቅ ፈትተው ሰጡኝ።

«ዲያቆኑ ላንብብልዎ ቢለኝ እምቢ አልኩት። አንቺ ስታነቢው ነው የልጄን ድምፅ የምሰማው።»

ይኸን ሁሉ ጊዜ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር የቀረ ነፍስ... በእኔ ምላስ።

«እማማ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አልኩ። አነበብኩት። እንዳለ።

አላለቀሱም።

«አርባው አልፏል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ሰማንያውም።»

«አዎ እማማ... ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታሽ ይቆይሽ! ሙት ዓመቱ መቼ ነው?»

«በሚመጣው ወር።»

ተነሥተው ሙቀጫውን ፊቴ አስቀመጡት። «የጠላውን ጌሾ የምትወቅጪው አንቺ ነሽ።»

ዘነዘናውን ሳነሣ ጋቢውን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ።

ዛሬ መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። ከእንግዲህ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣብኝን ሁሉ፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ እላለሁ።