እከክ አልነበረብንም

የቁንዶ በርበሬ ቅጠል ሲታሽ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ባፍንጫዬ ሲገባ መጀመሪያ አንገቴን ያሳክከኛል፣ ቀጥሎ ንዴቱ ይመጣል። ሰው በአንድ ነገር ስንት ዓመት ይናደዳል? እኔ እስካሁን አልበረደልኝም።

ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ካለው ቤት የገባነው እኔ ዐሥር ዓመቴ ላይ፣ በግንቦት ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆን እናቴ እዚያው ሐረር ተወልዳ ያደገች ናት፤ ልጆቹ ታላቋ እኔና በአራት ዓመት የምታንሰኝ ሂሩት ብቻ ነበርን። አከራያችን አዴ ዘይነባ ሞሰብና ሌማት የሚሠሩ ስፌት ሰፊ ነበሩ፣ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። ከግንባችን ጀርባ ያለው የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ሲሆን፣ እዚያ የበቀለ ትልቅ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ ቅርንጫፉን ወደ እኛ ጥሎ ነበር። እናቴ የልብስ ማስጫ ገመዷን አንዱን ጫፍ በራችን ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ አሰረችው፤ የቁንዶ በርበሬ ሽታ ዝንብ ያባርራል፣ ቁንጫም አያስጠጋም ይባላልና፣ የእሷ ልብስ እንደ ሌላው ሰው ልብስ በፀሐይ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ጠጥቶ የሚደርቅ ይመስላት ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባ ጨጓሬ ፈላ። ግንዱ ላይ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ከሩቅ ሲያዩት የዛፉ ቅርፊት እስኪመስል ድረስ ተከምሮ ይውል ነበር። እኛ ልጆች እንደማይነካ እናውቅ ነበር፤ የነካው ልጅ ደግሞ የተነካበትን ቦታ በገዛ ራስ ጸጉሩ ያሻል፣ መድኃኒቱ እሱ ነው ይባላል። የአባ ጨጓሬው ጸጉር ከትሉ ተለይቶ በነፋስ እንደሚሄድ፣ ልብስ ላይ አርፎ ትሉ በሌለበት እንደሚወጋ ግን የነገረን አልነበረም። ሊነግሩን የሚችሉት አዴ ዘይነባ በነሐሴ ልጃቸው ወልዳ እሷን ሊያርሱ ድሬዳዋ ሄደው ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የእኔ አንገትና ወገብ፣ የሂሩት ብብት በሽፍታ ተሞልቶ ነበር። አንድ ጠዋት ለጤና ቁጥጥር የመጣች ሴትዮ በሰልፍ አቁማ እያየችን፣ እኔ ጋ ስትደርስ ኮሌታዬን በእስኪርብቶዋ ጫፍ ገልጣ፣ በጣቷ እንኳ ሳትነካኝ፣ «እከክ» አለች። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። አባቴ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ባልደረቦቹ እያዩ፣ «የልጅዎን ንጽሕና ይጠብቁ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተሰጥቶኝ፣ የሂሩትን እጅ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰው ቤት ውሃ ሲሰጧት እንኳ ብርጭቆውን በብርሃን አይታ የምትጠጣ ሴት ናት። አንገቷን ደፍታ በርሜሉን ጣደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላውን፣ ጋቢውን፣ የውስጥ ልብሳችንን ሳይቀር እየቀቀለች፣ ውሃ በጄሪካን በሚቀዳበት ከተማ በሳምንት አንዴ የነበረውን አጠባ ሦስቴ አድርጋ፣ እጇ እስኪላላጥ እያሸች፣ ያንኑ ገመድ ላይ ታሰጣው ነበር። ባጠበች ቁጥር ባሰብን፣ በባሰብን ቁጥር አጠበች። ራሳችንንም ላጨችን፤ ሂሩት ሻሽ አስራ ስትሄድ ልጆቹ «እከካም» እያሉ ይከተሏት ነበር። እስቲ አሁን በዚያ ሰፈር ከእናቴ የጸዳ ሰው ማን ነበር?

የሂሩት ነገር የመጣው በጥቅምት ነው። ሸንኮራ በልታ ፊቷ ተጨማልቆ ስትመጣ፣ ገመዱ ላይ የደረቀውን የእናቴን ነጠላ ጎትቼ በጫፉ ፊቷን ጠረግሁላት። እኔ ነኝ የጠረግሁላት። ጮኸች፣ ግራ ዐይኗን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ሮጣ ስትመጣ የሂሩት ዐይን አብጦ ነበርና፣ «ምች ነው» ብላ፣ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ፣ የዐይኗን ዙሪያና ሽፋሽፍቷን ትቀባት ጀመር፣ እኔ ደግሞ እንዳትከላከል እጇን ይዤ። ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ እንዲህ አሸናት። ጤና ጣቢያ ስትወሰድ የተቀበላት ሰው ዐይኗን በወጉ ሳይገልጥ፣ «ፊቷን አታጥቧትም እንዴ?» ብሎ እናቴን ተቆጥቶ፣ ቅባት ሰጥቶ ሸኛት። አታጥቧትም! ይህን ለእናቴ!

ኅዳር ሲገባ አዴ ዘይነባ ተመለሱ። የሂሩትን ዐይን አይተው፣ ገመዱን አይተው፣ ነጠላውን አውርደው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። አክርማ፣ የስፌቱን ሣር፣ ሲሰነጥቁ የኖሩ ዐይኖች ናቸው፣ እኛ የማናየውን ይለያሉ።

«ሱብሃነላህ! ነይ እዪ አንቺ ልጅ» አሏት እናቴን። «ይሄ ጸጉር ነው፣ የአባ ጨጓሬ። እኔ አክርማዬን እንኳ በዚህ ወቅት እዚህ ዛፍ ሥር አላሰጣም።»

«እከክ ነው ብለውኝ ነው እኮ፣ አዴ።»

«አቦ፣ ምን እከክ! ማን ቀርቦ አየ? ሲያሹት ደግሞ ወላሂ እንደ እሾህ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።»

እናቴ መጀመሪያ ዳማከሴውን ከነሥሩ ነቅላ ጣለችው። ከዚያ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አምጥታ፣ በእንጨት አንድ አባ ጨጓሬ አንሥታ ከተተችና እኔን አስከትላ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄደች። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት ኃላፊው ሳቀ።

«ሴትዮ፣ ለትል ብዬ ዛፍ አላስቆርጥም። ዛፉ የመንግሥት ነው።»

«ቅርንጫፉን ብቻ ነው የምለው፣ ጌታዬ። ለሰፈሩም ይነገርልን፣ ሰው ልብሱን እዚያ እንዳያሰጣ።»

«ትል ሰው አይገድልም። ይልቅ ልጆችሽን እጠቢ።»

ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። ዛፉ የመንግሥት፣ ጸጉሩ የእኛ! ያ ሰው ተነሥቶ መስኮቱን ቢከፍት ግንዱን ከነትሉ ያየው ነበር፣ ግን አልተነሣም። ገመዱን ወደ ሌላው ግድግዳ ባዞርነው በሁለት ሳምንት «እከካችን» ጠፋ፤ ወረቀት የጻፉልን ሰዎች ግን አንዳቸውም ተሳስተን ነበር አላሉንም።

በበጋው አባቴ ሂሩትን ይዞ አዲስ አበባ፣ የዐይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ፣ ጸጉሩ ከብሌኗ ውስጥ መግባቱን ነግሮት፣ የቻለውን ያህል አወጣላት። ሳይታሽ በውሃ ታጥቦ ያኔውኑ ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር አለው። ግራ ዐይኗ ዛሬ የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። በበልግ ዝናብ አባ ጨጓሬው እንደገና ሲመጣ፣ ጀጎልን በር ለበር እየዞሩ ሰውን ያስጠነቀቁት ከዘራ የያዙ አንዲት ስፌት ሰፊ ነበሩ። ደሞዝ የሚከፈለው አንድም ሰው አልወጣም።

አሁን የምኖረው ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ነው። ልጄ የሚማርበት ግቢ ዙሪያውን ቁንዶ በርበሬ ተተክሎበታል፤ ልጆቹ ሹራባቸውን ቅርንጫፉ ላይ እየሰቀሉ ኳስ ይጫወታሉ። ባለፈው መስከረም ልጄን ማሳከክ ሲጀምረው ልብሱን አልቀቀልኩም፤ ሹራቡን ወደ ፀሐይ ዘርግቼ አየሁት፣ ሽፍታው ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ እየነቀልኩ ጸጉሩን ለቀምኩለት፣ አድሮ ተሻለው። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄም ሁሉንም ነገርኩት፣ እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ጻፍ ጻፍ አደረገ። በሳምንቱ ለወላጆች ሁሉ በቴሌግራም ማስታወቂያ ላከልን። ለእናቴ የደረሳት በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነበር፣ ለእኔ የደረሰኝ ማኅተም አለበት።

ማስታወቂያው ሲደርሰኝ እናቴ ቤት ነበርኩ። ሂሩትም ነበረች፤ እናቴ እንደ ልማዷ በሂሩት ቀኝ፣ በሚያየው ዐይኗ በኩል ተቀምጣለች። «አንብቢልኝ» አለችኝ እናቴ። አነበብኩላት፦ በተማሪዎች ላይ እከክ ስለታየ ወላጆች የልጆቻችሁን ልብስ ቶሎ ቶሎ እያጠባችሁ ፀሐይ ላይ እንድታሰጡ ይላል።

እናቴ እጆቿን አየች።

«ስለ ዛፉስ?» አለችኝ።

ስልኩን እስከ ታች ድረስ አየሁት። ስለ ዛፉ ምንም አይልም።