ሳያርፍ የተቃጠለ መሬት

በ1994 ዓ.ም. በጋ፣ ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ከቤታችን በላይ ያለውን የዳገት አፈር አቃጠልን። ማቃጠሉን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አልፈለገም ነበር።

የምንኖረው መንዝ ነው፣ ከቀየት ገበያ ብዙም ሳንርቅ። እኔ ግን የተወለድኩት መርሐቤቴ፣ ቆላው ላይ ነው። የአባቴ መሬት ዋልካ ነበር። በበጋ ተሰነጣጥቆ የፍየል እግር ይውጣል፤ በክረምት እግር ላይ ተጣብቆ አልለቅ ይላል። በልጅነቴ ያንን ጥቁር ጭቃ ከእግሬ ስፍቅ አማርር ነበር። አሁን ይናፍቀኛል። ማሽላው ከሰው በላይ ይቆም ነበር፤ አፈሩም ታች ድረስ አፈር ነው፣ ማለቂያ የለውም።

መንዝ በሙሽርነት ስመጣ የዚህም አገር መሬት ጥቁር ሆኖ ታየኝና ደስ አለኝ። አማቴ በዶማ አንድ ጊዜ ቆፈር አድርገው አሳዩኝ። ከስንዝር በታች ጭንጫ ነው።

«ያለችን ይቺው ናት» አሉኝ። «እሷን መጠበቅ ነው።»

በቤት ዙሪያ ያለው አረዳ አመድና ፍግ ስለሚደርሰው በየዓመቱ ይዘራል። ዳገቱ ግን ፍግ አይደርሰውም። ዛፍ በሌለበት አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ስለዚህ ዳገቱ ብዙ ዓመት ጦሙን ያድራል፤ ሣር ይለብሳል፣ በግ ይግጠዋል። ዓመቱ ሲሞላ ይታረስና ሣር ያዘለው ጓል ደርቆ ይከመራል። ከክምሩ ሥር ኩበት ተደርጎ እሳት ይለቀቅበታል፤ ለቀናት ይጨሳል። ጓይ እንለዋለን። የተቃጠለው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ከዚያ እንደገና ረጅም ዕረፍት ነው።

የእኛ ዳገት ዕረፍቱን አልጨረሰም ነበር። ባለፈው ሲቃጠል ልጄ የወተት ጥርሷን ትቀይር ነበር። የሚያውቁ ሰዎች ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል ይሉ ነበር።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ሦስቱን እግዚአብሔር ወስዷቸዋል፤ እሷን ስለተወልኝ አመሰግነዋለሁ። በዚያ ዓመት ተዳረች። ባሏ ከስድስት ወንድማማቾች አንዱ ነው፤ ከአባቱ መሬት የሚደርሰው በሬ የሚያዞር አልነበረም። ቀበሌም ለጎጆ ወጪ የሚሰጠው መሬት አልነበረውም። ይህን የሰማ ወንድሜ ከመርሐቤቴ ላከብን። «ወደኔ ይምጡ፣ የእኩል ይረሱ» አለ።

ለሰው ሁሉ ቆላ ወባ አለ አልኩ። እውነት ነው፣ አለ። የፈራሁት ግን ሌላ ነበር። እኔ ከተዳርኩ በኋላ እናቴን በሕይወት ያየኋት አራት ጊዜ ብቻ ነው። በአምስተኛው የደረስኩት ለሠልስቷ ነው።

በታኅሣሥ፣ ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ፣ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ዳገቱን እናቃጥለውና ለልጆቹ እንስጣቸው።»

«ዓመቱ አልደረሰም።»

«ሁለት ዓመት ቢሰጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለ። «እኛም እኮ እናውቃለን።»

ሦስት ቀን አልተነጋገርንበትም። በአራተኛው ቀን በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ዳገቱ ወጣ። 

ጓሉ ከደረቀ በኋላ ከደቦው ጋር ስንከምር አዛውንቱ ጎረቤታችን መጡ። በመንደሩ ከሳቸው ይበልጥ አፈር የሚያውቅ አልነበረም። አንዱን ጓል በዱላቸው ገልብጠው የሣሩን ሥር ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሥሩ ገና ክር ነው» አሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞረው ሳቁ። «ይቺ የቆላ ልጅ ይኸን ሁሉ ዓመት ብርዳችን አልለመዳት ብሎ አገሩን በእሳት ልታሞቀው ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አማቼ ክምሩን እያስተካከለ «አባቴ፣ እርስዎም ጠጋ ብለው ይሙቁ እንጂ» አላቸው።

«እኔማ እሞቃለሁ። የምትቃጠለው እሷ ናት።» መሬቱን በዱላቸው ነካ አደረጉ።

ሰው ወደየሥራው ሲመለስ አጠገቤ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አራስ በሳምንቷ ወፍጮ ላይ አትቀመጥም። አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ።»

ኩበቱን ተሸክሜ ወደሚቀጥለው ክምር ሄድኩ። የዚያን ዕለት ከሁሉም በላይ ኩበት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ጭሱ ቁልቁል ወደ ቤታችን ሲወርድ ልጄ እያሳላት «እማዬ፣ ይበቃል፣ ተቀመጪ» ትለኝ ነበር። አልተቀመጥኩም።

በሰኔ ተዘራ። እንደዚያ ዓመት ያለ ገብስ አላየሁም። ዛላው ከብዶት አጎንብሶ መንገድ ላይ ተኛ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ «እሰይ» እያለ ያልፋል። ልጆቹ ከእኛ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሱ። ጠዋት ደጄ ስቆም የልጄን ጭስ አያለሁ። እሳት ልትጫር ትመጣለች፤ እሳት እያላትም ትመጣለች። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ያረስኳት እኔ ነኝ። ያንን ዓመት ስለሰጠኝ ስሙ ይመስገን። ብዙ እናት እሱንም አላገኘችም።

ከአዲሱ ገብስ ጠላ ጠምቄ ለአዛውንቱ ወሰድኩላቸው። አንድ ዋንጫ ጠጡ።

«ጥሩ ገብስ ነው። ይባርክሽ» አሉ። ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ቆምኩ። አልጨመሩም።

በሁለተኛው ዓመት ገብሱ ከጉልበት አላለፈም። የሞላ ገብስ አንገቱን ይደፋል፤ ያኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። የታጨደው ከዘሩ ብዙም አልበለጠም። ሥር ያልያዘው አፈርም ልል ነበርና የክረምቱ ዝናብ ጠርጎ ወሰደው። ከዳገቱ ራስ እስከ ታች ውሃው ቦይ ቀደደ። መስከረም ላይ ወጥቼ ሳይ ጭንጫው አንዳንድ ቦታ ጥርስ ሆኖ ወጥቷል። አማቴ ከስንዝር በታች ያሳዩኝ ድንጋይ ነው።

ባለቤቴ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ልጄ ልጇን አዝላ ወደኔ ገባች። ከመናገሯ በፊት አወቅሁ።

«አጎቴ ጋ ልንሄድ ነው» አለችኝ።

«መቼ?»

«የፊታችን ሰኞ።» እጄን ያዘችኝ። «ያንቺ አገር አይደለም እንዴ የምሄደው?»

«የኔማ አገር ነው። እኔ ነኝ የሌለሁበት።»

ሳቅ ለማለት ሞከረች። «እንግዲያ ንገሪኛ። አፈሩ እንዴት ያለ ነው?»

ነገርኳት። ዋልካው ውሃ ሳይጠግብ ይታረሳል፤ ከጠገበ በኋላ ማረስ በሬ መግደል ነው አልኳት። ውሃው እንዳይተኛበት ቦይ አውጡለት፤ ማሽላው ሲያሽት ወፍ አይተኛም፣ እናንተም አትተኙ አልኳት። ማታ ማታ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍኚው፣ ሙቀት ነው ብለሽ አትተዪው፣ ትንኟ ወባ ታመጣለች አልኳት። ስናገር የአባቴ ማሳ ከነሽታው መጣብኝ። መጀመሪያ ዝናብ ሲነካው ያለው ሽታ ነው። የመንዝ መሬት ዝናብ ሲነካው ሌላ ይሸታል። ሃያ ዓመት ሙሉ በየበልጉ ሳሸት ኖሬያለሁ፤ ያኛውን አላገኘሁትም። አሁን ልጄ ልታሸተው ነው።

በተባለው ቀን መንገዱ ወደ ቆላ ቁልቁል እስከሚወርድበት አፋፍ ድረስ ሸኘኋቸው። አማቼ አህያዋን ጭኖ ቀደም ብሎ ነበር፤ ተመልሶ ጉልበቴን ሳመ።

«እናቴ፣ ለፋሲካ እንመጣለን» አለኝ።

«እሺ፣ አባቴ» አልኩት። እኔም እንደዚያው ብዬ ወጥቼ ነበር። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ተኝቷል፤ እንዳላስነሳው ግንባሩን አልሳምኩም፤ እግሩን ሳምኩት። ከታች ጉም ነበር። ልጄ ሁለት ጊዜ ዞር አለች፤ በሦስተኛው ጉሙ ሸፈናት።

ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። የነፍስ አባቴ ከውስጥ ሲወጡ አገኙኝ።

«ሄደች?» አሉኝ።

«ሄደች። አባቴ፣ እሷን አጠገቤ ለማቆየት ብዬ መሬቱን ገደልኩት። እሷም ሄደች።»

«ልጅ መውደድ ኃጢአት አይደለም።»

«መሬቱስ?»

መስቀሉን አሳለሙኝ። «እሱም የፈጣሪ ነው» አሉ። «አልሞተም ይሆናል። ጠብቂው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ከላይ ጀምሬ ውሃው የቀደደውን ቦይ በድንጋይ አገድሜ መካብ ያዝኩ። አንዱን ረድፍ ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር ባለቤቴ መጣ። ትልልቁን ድንጋይ እሱ አነሳ፤ በመሐል ያለውን ክፍተት እኔ በትንንሹ ሞላሁ።