አባቶች እንደሚናገሩት

ብሎግ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ እያልኩ ስለኖርኩ የምጠላውን ሰው ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።

የምሠራው ሶዶ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ነበር። ክፍሌን ከሳሎኑ የሚለያት ቺፑድ ግድግዳ ነው፤ አባቴ ወዲያ ማዶ ሲያስል እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ የሚነቃነቅ ይመስለኛል። አሠሪዬ በአካል አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚፈልጓቸውን ቃላት በስልክ ይልክልኛል፤ እኔ ደግሞ ቃላቱን ኤአይ ለሚሉት ጽሑፍ ለሚጽፍ ማሽን እሰጠዋለሁ። ማሽኑ ይጽፋል፣ እኔ አሳምራለሁ፣ አሠሪዬ ድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል። ሕጉም ቀላል ነው። ቁልፍ ቃሉ ርዕሱ ላይ ይግባ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይደገም፣ ንዑስ ርዕሶቹ በጥያቄ መልክ ይሁኑ፣ አንቀጹ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይጠር። እውነት ይሁን የሚል ሕግ አልነበረም። አልጠየቅሁምም።

ማሽኑን በመጀመሪያው ሰሞን እጠራጠረው ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ዳጣ፣ ስለ ተፈጨው የቃሪያ ማባያችን፣ ጻፍ ስለው ቃሪያውን በቲማቲምና በዘይት አቁላልቶ አቀረበልኝ። ሳቅሁበት፣ ደመሰስኩት፣ እናቴ እንዴት እንደምትፈጨው አስታውሼ ራሴ ጻፍኩት። ዳጣን ስለምበላው አውቀዋለሁ። ጎሳዬን ግን ስለተሸከምኩት ብቻ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ክረምት ላይ አሠሪዬ «የወላይታ ጎሳዎች» የሚል ቃል ላከልኝ። «ይሄ በደንብ ይፈለጋል፤ በተለይ ማን ከማን ጋር አይጋባም የሚለውን አድምቀው» አለኝ። እኛ ዘንድ አንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎች አይጋቡም። አንዱ ከሁምቦ ቆላ፣ ሌላው ከዳሞት ጋሌ ደጋ ቢመጣ፣ ተያይተውም ባያውቁ፣ ጎሳቸው አንድ ከሆነ ወንድምና እህት ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጎሳ ነው። የሰፈራችን ሰው ይህን ሲጠራጠር የሚመጣው አባቴ ዘንድ ነው። አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በጣቱ ጉልበቱን እየነካ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ከዚያ «ይጋባሉ» ወይም «አይጋቡም» ይላል። ከእሱ ቃል በኋላ ሌላ ሰው ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም።

ይህ ሰው ከቺፑዱ ማዶ እያሳለ እኔ ማሽኑን ጠየቅሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እኔ እንደ መዳብም አልቆጠርኩትም።

ማሽኑ ዝርዝሩን ዘረገፈው። አይጋቡም ከሚለው ርዕስ ሥር የራሴን ጎሳ ከሌላ ጎሳ ጋር አጣምሮ አስቀምጦታል። ሁለቱም ከሁለት ወንድማማቾች የመጡ ናቸው፣ ወንድማማቾቹም በአንድ ነገር ተጣልተው ተለያዩ ይላል። የሁለተኛውን ጎሳ ስም እዚህ አልጽፍም፤ አንዴ ጽፌው ያየሁት ይበቃኛል። የራሴን ጎሳ ስም ሳይ እንኳ አልደነገጥኩም። «ምናልባት» ብዬ አለፍኩት። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኃጢአቴ ግማሽ ነበር። «በአንድ ነገር ተጣልተው» የሚለው ደረቅ ስለሆነብኝ ወንድማማቾቹን ዳሞታ ተራራ ሥር ምንጭ ዳር አስቀመጥኳቸው። በአንድ በሬ አጣላኋቸው። ታላቁን ወደ ገሱባ ላክሁት። በመጨረሻም አንባቢ እንዲያምን አንድ ሐረግ ከፊቱ ለጠፍኩበት፦ «የአካባቢው አባቶች እንደሚናገሩት»። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። አሠሪዬ በጣም ደስ አለው። «የምንጩ ነገር፣ ሰውዬ፣ ቆመህ ያየኸው ነው የሚመስለው» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ያ ደስታዬ ነው።

ዘመን መለወጫችን ጊፋታ አልፎ፣ የበዓሉ ሥጋ አልቆ፣ ጥቅምት ሲገባ ለታናሽ እህቴ ሽማግሌዎች መጡ። እህቴ ገሱባ አስተማሪ ናት፤ ሽማግሌ የላከውም ሰው እዚያው አብሯት ያስተምራል። ሦስት ዓመት እንደተዋደዱ የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን፤ ጎሳው ምን እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ ሄደ። ጎሳ ተጠየቀ፣ ጎሳ ተነገረ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጉልበቱን ነካ፣ «አይነካኩም፤ ይጋባሉ» አለ። እኔ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጬ የጎሳውን ስም ስሰማ የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። የት እንዳየሁት እንኳ አላስታወስኩም። በቀን አራት ጽሑፍ የሚያመርት ሰው የጻፈውን አያስታውስም።

በሁለተኛው ቀን የመጡት ፊታቸውን ቋጥረው ነው። የቀረበውን ቦይና፣ የተቀቀለውን ሥር በዳጣ፣ ማንም አልነካውም። ከመካከላቸው አንዱ፣ ወረዳ ቢሮ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ። እስከዚያ ድረስ ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር፤ ሲያነቡ ብቻ አማርኛ ሆነ። ሁለት ወንድማማቾች። ዳሞታ ሥር ያለ ምንጭ። አንድ በሬ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የአካባቢው አባቶች እንደሚናገሩት» አሉ። እኛ አገር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማኅተም ባይኖረውም ከቢሮ የወጣ ነው የሚመስለው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የትኞቹ አባቶች?»

እኔ መልሱን አውቀው ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ማንኛውም የዋህ የቤት ልጅ ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም። ሽማግሌዎቹ «እስኪጣራ ይቆይ» ብለው ተነሡ። ለጥር ታስቦ የነበረው ሠርግ በዚያው ተንጠለጠለ። አባቴን ውሸታም ያላለው ሰው የለም፤ በአፉ ግን ማንም አላለውም።

ያን ዕለት ከሰዓት አሠሪዬ ጋ ደወልኩና ጽሑፉን አጥፋልኝ አልኩት። ሳቀብኝ። «እሱ እኮ ከሁሉ አንደኛ የሚወጣልን ነው። ከፈለግህ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት እንጨምርበት» አለ። የሰው ትዳር በጥያቄ ምልክት የሚጠገን መሰለው! ሰድቤው ዘጋሁት። ከዚያ፣ ሞኝነቴ ማለቂያ ስለሌለው፣ ማሽኑን ዞሬ ጠየቅሁት። ሁለቱ ጎሳዎች በእርግጥ አንድ ናቸው ወይ አልኩት። አዎ አለኝ፤ አባቶች እንደሚናገሩት ብሎ ምንጩንና በሬውን ሳይቀር መልሶ ተረከልኝ። ማስረጃ ብሎ ያስቀመጠልኝም የእኔኑ ገጽ ነበር። የተፋሁትን መልሶ ሲያጎርሰኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅዳሜ እህቴ ከገሱባ መጣች። አቧራዋን ሳታራግፍ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ወንድሜ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» አለችኝ። «ይሄን የጻፈውን ሰው ፈልግልኝ። ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ተሳስቻለሁ ብሎ አንድ ወረቀት ይጻፍልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ስንት ውሸት ያሳመርኩ ሰው ለዚህ አንድ ቃል አጣሁ። «እኔ ነኝ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ግድግዳውን በእጇ መዳፍ ቀስ አድርጋ ነካችው።

«አባባ እኮ እዚህ ነበር» አለች። «እዚህ ጋ።»

አባቴ ከወዲያ ማዶ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። ሳሎን ስንወጣ ቀና ብሎም አላየኝም። «ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው» ብቻ አለ፤ ያንንም የተናገረው ለእሷ ነው።

በሳምንቱ ተሰበሰቡ። በመሐል ቆምኩ። «አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግማሹን ማሽን ፈጠረው፣ ግማሹን እኔ ጨመርኩበት። ምንጩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በሬውም የእኔ ነው። አንድም አባት አልጠየቅሁም» አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጡረተኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሲመልሱ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ፣ አዘኔታ ነበር።

«ልጄ፣ እህትህን ስለምትወድ ነው» አሉኝ። «ለእሷ ብለህ ጥፋቱን ትወስዳለህ። ጥሩ ወንድም ነህ። ግን ይሄ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው።»

ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸቴን ሲያምን የኖረ ዓለም፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር አላምንም አለኝ። ኮምፒውተሬን አመጣሁ፣ ገጹን ከፈትኩ፣ የጻፍኩበትን ፋይል አሳየሁ። አንዱ ሽማግሌ «ይሄንን ዛሬም መጻፍ ይቻላል» አሉ። ልክ ናቸው፤ ይቻላል። እናቴ ጓዳ በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እህቴ ከኋላዋ ናት፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

ቀድሞ የተናገረው አባቴ ነው። አሁንም ሊያየኝ አልፈለገም፤ ያናገረው ጡረተኛውን ነው።

«ጎሳ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው አላችሁ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀላል ነው። ይሄ ልጅ አባቶቹን ይቁጠርላችሁ።»

እኛ ዘንድ ጎሳ አውቃለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የራሱን አባቶች ይቆጥራል። ልጅ ሆኜ አባቴ ሊያስቆጥረኝ ሞክሯል፤ እኔ ኳስ ልጫወት እሮጥ ነበር። ጀመርኩ። አባቴን ጠራሁ። አያቴን ጠራሁ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ጠራሁ። አምስተኛው ላይ አፌ ተሳሰረ፤ ከብዙ መንተባተብ በኋላ አንድ ስም አወጣሁ። ስድስተኛው ጋ ስደርስ ባዶ ነበር። ምንም። ፊቴ ሲነድ ይሰማኛል። አባቴ ጉልበቱን እያየ አንድ ፊደል እንኳ አላቀበለኝም። ያን ጊዜ ጠላሁት። ለምን እንዳላቀበለኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ጡረተኛው ቀስ ብለው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አሁን አመንኩህ» አሉኝ። «ስድስተኛ አባቱን የማያውቅ ሰው የእኛን አባቶች እንዴት ያውቃል? የጻፍከው አንተ ነህ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጉልበቱን እየነካ የእኛን ቆጠረ፣ የሙሽራውንም ቆጠረ፣ የት ተነሥተው የት እንደሰፈሩ ተናገረ። ሁለቱ የትም አልተገናኙም። ቦይናው ቀረበ፣ ተበላ። ሠርጉ ለጥር ተመለሰ። እህቴን ያዳናት መናዘዜ አይደለም፣ ድንቁርናዬ ነው፤ ይህንንም ያዩ ሽማግሌዎች ገሱባ ድረስ ይዘውት ሄደዋል። ዛሬም ገሱባ ገበያ ላይ ሳልፍ «ያ በሬ ደህና ነው?» የሚለኝ አይጠፋም።

ሥራውን ተውኩት። ጽሑፉ ግን አለ። አሠሪዬ ታሪኩን ከሌላ ሰው ሰምቶ ኖሮ አናቱ ላይ «ሽማግሌዎች የተወያዩበት» የሚል ጨመረበት። ዛሬም ስትፈልጉት ከላይ እሱ ነው የሚመጣው። እህቴ የሠርጓን መጥሪያ ወረቀት ጽሑፍ በሌላ ሰው አጻፈች። አራት መስመር ናት፤ በቤቱ ውስጥ በጽሑፍ ሥራ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አልጠየቀችኝም። አልፈርድባትም፣ ግን አመመኝ።

ሽማግሌዎቹ የሄዱ ዕለት፣ ሳሎኑ ባዶ ሲሆን፣ አባቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባባ» አልኩት፣ «ስድስተኛው ማን ነው?»

ያን ጊዜ ነው ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ። እጄን አየ፤ ስልኬን ይዣለሁ፤ መያዜንም አላወቅሁም ነበር።

«ያዝከው አይደል» አለኝ። «እሱን ጠይቀው።»

ፊቱን አዞረ። ማሽኑን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ስም አያጣልኝም ነበር።