በሰርቪስ ቤታችን የተገኘው ማስተር ፕላን

የማላውቀው አገር ስደርስ መጀመሪያ የማጠያይቀው የልጆች መጫወቻ መሸጫ ነው። በተፈጥሮዬ ሰው ማናገር ይከብደኛል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ድምፄ አልወጣ እያለኝ ስንት ጊዜ አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። ለዚህ ጥያቄ ሲሆን ግን አንደበቴ ይፈታል። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ባለሱቅ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው ስለው ትክ ብሎ አየኝና ባትሪውን መረቀልኝ። ዴልሂ ላይ ደግሞ ከጣሳ የተሠራ ባቡር የገዛሁት ከእውነተኛው ባቡር መስኮት እጄን ዘርግቼ ነው። ዕቃውን ሳልቀበል ተንቀሳቀስን፤ ሻጩ ሮጦ ደርሶ አቀበለኝ። አገር ለማየት ብዬ ነው ባቡር የምፈልገው፣ ወይስ ባቡር ፍለጋ ነው አገር የማየው፣ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም። አርባ ሦስት ባቡሮች አሉኝ።

የመጀመሪያውን ያመጣልኝ አባቴ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ያመላልሳል። ቤታችን ሰበታ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ። ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል በቁልፍ የሚጠመዘዝ አረንጓዴ የቆርቆሮ ባቡር ከጋቢናው አውጥቶ ሰጠኝ። ገልብጬ ሳየው ሆዱ ላይ የማላውቀው ፊደል አለ።

«እነማን ናቸው የሠሩት?»

«ቻይናዎች።»

«የት ናቸው?»

አባቴ ሁለት ቀን ሲነዳ ነው የመጣው። በአገጩ ወደ ፉሪ ተራራ አሳየኝ። «ከዚያ ማዶ።»

ለረጅም ጊዜ ቻይና ከፉሪ ጀርባ ትመስለኝ ነበር። ዓመታት አልፈው የባቡር መስመሩ ሥራ ሲጀመር ቻይናዎቹ እውነትም በዚያ በኩል ብቅ አሉ። እናቴ ይህን ባነሳ ቁጥር ትስቃለች።

ከአባቴ ቀጥሎ ባቡር የሚያመጣልኝ ቆራሌው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ሲለቁ የሚጥሉትን መጫወቻ ጆንያው ውስጥ ለይቶ ያስቀምጥልኛል፤ በራችን ሲደርስ «ያቺ የባቡር ልጅ አለች?» ይላል። መንኮራኩር የጎደለው የጃፓን ባቡር ከእሱ አገኘሁ። መስኮቶቹ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች የተሳሉበት የጀርመን ፉርጎም ከእሱ ነው። አንዱ ባቡር አፍንጫው ላይ እንደ ማበጠሪያ ያለ ብረት ነበረው። ምን እንደሚሠራለት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስብ ከርሜ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ ሐዲድ ላይ የቆመ ከብት ገፍቶ ለማንሳት ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን የባቡሩ ሹፌር ዕድሜውን በሽምግልና ይጨርስ ነበር። በመጨረሻ ቆራሌው በባትሪ የሚሠራ ባቡር ከነሐዲዱ አመጣልኝ፤ ሁሉንም ለማስኬድ የበቃሁት ያኔ ነው። የአንዱ አገር መንጠቆ የሌላውን አገር ፉርጎ አይዝም፤ ስለዚህ በልብስ ስፌት ክር አሰርኳቸው።

ጂኦግራፊ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ትምህርት ተቋርጦ ወደየቤታችን ተላክን። ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሌሎቹን በዙሪያው ያሉ ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር አብሮ ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላን በሰው ሁሉ አፍ ነበር። ካርታውን ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ግን ካርታውን ያየ ሰው ያወራውን ሰው ያውቃል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን በድንጋይና በጎማ ይዘጋል። ቡራዩ ያለች የእናቴ ዘመድ ልጇ ሞቶባት ለቅሶ መድረስ አልቻልንም። አባቴ መኪናውን ገላን አቁሞ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሰፈራችንን መሥራት ጀመርኩ። አባቴ ለማያልቀው ክፍላችን ገዝቶት የነበረውን የእንጨት በር በሁለት በርሜል ላይ አጋደምኩት። ቤቶቹ የመድኃኒት ካርቶንና የክብሪት ቀፎ ናቸው፤ ባሕር ዛፎቹ ከመጥረጊያ የተነቀሉ፤ ሣሩ በአረንጓዴ ቀለም የነከርኩት ሰጋቱራ። ባቡሮቼ ዓለምን ዞረው በእኛ በር እንዲያልፉ ነበር ፍላጎቴ። ነገሩን እንደነገሩ መሥራት ደግሞ አልችልበትም። በየማለዳው ደብተር ይዤ ወጥቼ ከቤት ቤት በእርምጃ ለካሁ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ። በዚያ ሰሞን ደብተር ይዞ እርምጃ የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚመስል አላሰብኩም። ሰፈር ለመሥራት የተማርኩትን ሁሉ አስታውሼ ይህን ረሳሁ።

አንድ ጠዋት ከበታቻችን የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ፣ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። እናቴ ወንፊቱን ስትፈልግ እሳቸው በሰርቪስ ቤቱ በር አንገታቸውን አስገብተው ቆዩ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ወንፊቱን ሳይወስዱ ሄዱ።

በማግሥቱ እናቴ ከወፍጮ ቤት የተመለሰችው ፊቷ ተለዋውጦ ነው።

«ሰላም ያለኝ ሰው የለም። ወረፋዬ ላይ እንኳ ዝም ብለው አለፉኝ። ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹ማስተር ፕላኑ እነሱ ቤት ነው ያለው።›»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም።

«አባትሽ እኮ መንገድ ላይ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በእነዚህ መንገድ በሚዘጉ ልጆች መሃል ነው መኪናውን ነድቶ የሚመጣው። የካርታው ባለቤት መጣ ቢሉስ? አሁኑኑ ማገዶ አደርገዋለሁ።»

«እማዬ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው።»

«ለእነሱ ንገሪያቸዋ!»

እሱ ነበር ችግሩ፤ ሰው ማናገር። እሷ አባቴ ዘንድ ደወለች። አባቴ ሰማና «አታፍርሱት፤ ካፈረሳችሁት እውነት ነበር ይላሉ። ኦቦ ይምጡና ይዩት» አላት።

ኦቦ ከጎናችን ያሉት ገበሬ ናቸው። መሬታችንን አባቴ የገዛው ከእሳቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ብቻ ይላቸዋል፤ አቶ እንደ ማለት ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሰውን ረዘም አድርገው የሚያዩ ሰው ናቸው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እፈራቸዋለሁ። ሄጄ የምላቸውን እየተለማመድኩ ሳለ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ራሳቸው በሩን አንኳኩ። ከኋላቸው እትዬ አሉ፣ ሌሎችም ስምንት ዘጠኝ ሰዎች። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅም አለ። መንገድ ከሚዘጉት አንዱ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ከታሰረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

«አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሏት ኦቦ እናቴን። «ነገሩን ልናየው መጣን።»

«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለች እናቴ።

ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተጣብበን ቆምን። የክፍል ጓደኛዬ በየመንገዱ ጥግ የተከልኳቸውን ጫፋቸው ቀይ እንጨቶች አየ።

«ይኸው! ችካሉ ራሱ አለ። ኢንጂነር፣ የእኛን ቤት በስንት ሸጥሽው?»

«ክብሪት ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ክብሪት ነው አለች» አሉ እትዬ።

«ክብሪትማ እኛም አለን» አለ።

እትዬ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሲፈልጉ ቆዩና «እኔ ይኸው አለሁ! የመድኃኒት ካርቶን አደረገችኝ እንጂ አለሁ» አሉ። ሌሎቹም ቤታቸውን መፈለግ ጀመሩ። ኦቦ ግን ጠረጴዛውን ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«መኒ ኮ ኤሳ ጅራ?» አሉ፤ ቀጥለውም በአማርኛ፣ «ወንዙ ይኸውና። የልጅቷ አባት ቤት ይኸውና። ታዲያ የእኔ ቤት የታለ? እኔ ባቡሩ ሥር ነኛ?»

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው መሆን ባለበት ቦታ ሰጋቱራ ብቻ ነበር፤ በላዩ ላይ ሐዲዱ ይጠመዘዛል።

«የእርስዎን አልለካሁትም» አልኩ።

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን? ውሻውን?»

«ውሻው ያውቀኛል። እርስዎን ነው የፈራሁት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ኦቦ አልሳቁም። ሐዲዱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «በሌላ በኩል አይዞርም?»

«ከፋብሪካው ሲወጣ ነው እንዲህ የተጠመዘዘው። የማንንም ቤት ዐይቶ አይደለም።»

«የእነሱም ፕላን እንዲሁ ነው» አሉ። ከዚያም፣ «ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«እስኪ አስኪጂው።»

ባትሪውን አገናኘሁ። ባቡሩ ፉርጎዎቹን በክር እየጎተተ ተነሳ፤ በወፍጮ ቤቱ አለፈ፣ በእትዬ ደጅ አለፈ፣ ኦቦ ቤት በሌለበት ቦታ ተጠምዝዞ መጣ። ኦቦ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ዝቅ ስለሚል ዓይናቸው ከሐዲዱ እኩል ሆነ።

«ይቺኛዋ የማን አገር ናት?»

«የጃፓን።»

«ኋለኛዋስ?»

«የጀርመን። ሰዎቹ ጋዜጣ እያነበቡ ነው።»

«ባቡር ውስጥ ያነባሉ? መንገዱን አያዩም?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ሄደሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። ልሄድ እፈልጋለሁ።»

«ፓስፖርት አለሽ?» አለኝ የክፍል ጓደኛዬ።

«የለኝም።»

«ጉድ በሉ! የጃፓን ባቡር አላት፣ ፓስፖርት የላትም።» አሁን ብዙዎች ሳቁ። እሱም ጎንበስ ብሎ አፍንጫው ላይ ማበጠሪያ ያለውን ባቡር አነሳና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው «የሰው ከብት ገፍተው?» ብሎ በጣም ገረመው።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ግን መደርደሪያው ላይ ደብተሩን አዩት።

«ይኼስ? መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢው።»

«ከወፍጮ ቤት እስከ ድልድዩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ።»

«በማን እርምጃ?»

«በእኔ።»

«የባለ ፕላኖቹ እግር ከሁላችንም ይረዝማል» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባቡሩ መጫወቻ ነው። ይህ መጫወቻ አይደለም። ይህ የአንድ ሰው እጅ ቢገባ፣ ሊለካን መምጣት እንኳ አያስፈልገውም። እኔ አላዝሽም፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ያን ደብተር እወደው ነበር። ስድስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት የሠራሁት ነው፤ አንድም ስርዝ የለውም። ከመካከሉ ጀምሬ ገጾቹን አንድ በአንድ ቀደድኩ። የእትዬን ለእትዬ ሰጠሁ። የክፍል ጓደኛዬን ቤት ገጽ ለእሱ ሰጠሁት፤ ሁለቱንም ጎን አንብቦ ኪሱ ከተተው። የሌሉትን ጎረቤቶች ላሉት አደራ አልኩ። እያንዳንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ያናገርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር መሰለኝ። ለኦቦ የምሰጠው ገጽ ግን አልነበረኝም።

እሳቸው ከተረፉት የክብሪት ቀፎዎች አንዱን አነሱ። ሐዲዱን አሻግረው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጡት።

«ኦቦ፣ ቤትዎ እዚያ አይደለም» አልኩ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አውቃለሁ። አባቴ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እዚህ ነበር የምሠራው። ጭቃ የለውም፤ ነፋስም ያገኛል።»

ያኔ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው። እትዬ ካርቶናቸውን አንስተው አስፋልቱ ዳር አደረጉት፤ ሱቅ ሊከፍቱ ነው። ሌላው ወፍጮ ቤቱ ጩኸት አለው ብሎ ረግረጉ ውስጥ ጣለው። አንዱ «የገፈርሳን ግድብ ወደዚህ አምጪልን፣ ውኃ በፈረቃ ሰለቸን» አለ፤ እናቴም የሻይ ትሪውን አምጥታ «ይኸው ገፈርሳ» ብላ አስቀመጠችው። የክፍል ጓደኛዬ የቤተሰቡን ቤት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አደረገ፤ የወንድሙን ደግሞ ለብቻው፣ ሰፊ ግቢ ሰጥቶ። በዚያች ላይ ማንም አልቀለደም። ሲወጡ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እውነተኛ ነገር አልቀረም። ቆሜ ሳየው እጄ ሁሉንም ወደ ቦታው ልመልስ ይላል፤ የምመልስበት ደብተር ግን የለኝም። ደግሞም የገባኝ ያኔ ነው። ይህን አይቶ ካርታ ነው የሚል ሰው ከእንግዲህ አይኖርም።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ለጥቂት ሰዓታት ተከፈተ። አባቴ ሰበታ መግቢያ ላይ ሲደርስ ልጆቹ መንገዱን መልሰው በድንጋይ ዘግተው ነበርና አስቆሙት። የክፍል ጓደኛዬ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ጠየቀው። አባቴ እውነቱን ነገረው። ልጁ ዞር ብሎ «የባቡሯ ልጅ አባት ነው፣ ድንጋዩን አንሱ» አለ።

አባቴ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ እናቴን እንኳ ሳይስም መጀመሪያ መልእክቱን ነገረኝ።

«‹የወንድሜን ቤት ከሐዲዱ ትንሽ ራቅ ታድርግልኝ፤ ሲወጣ እንቅልፍ ያስፈልገዋል› ብሎሻል። ምን ማለቱ ነው?»

ሰርቪስ ቤቱን ከፍቼ ገባሁና ቤቱን ሁለት ጣት ያህል አራቅሁለት።