ያልበላሁት ሳንድዊች

ስንዴ ለአንጀቴ እንደማይስማማ ሐኪም የነገረኝ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። ሳውዲ፣ ደማም ከተማ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ግን ለአሠሪዬ ለማዳም ትንፍሽ አላልኩም፤ በሽተኛ ናት ብላ እንዳትመልሰኝ ፈራሁ። ቤት ውስጥ ሩዝ ስለማይጠፋ ማንም ሳያውቅብኝ ቆየሁ።

አንድ ዓርብ የማዳምን ልጆች ይዘን አል ኾበር ወደሚገኝ መጫወቻ ፓርክ ሄድን። ልጆቹ ከመጫወቻው ባቡር ሲወርዱ ማዳም ለሁላችንም የዶሮ ሳንድዊች ገዛች። እኔ የእኔን እንደያዝኩ ቀረሁ። ብበላው ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ይዤ መሰቃየቴ ነው። እያየችኝ ደግሞ እንዴት እጥለዋለሁ?

"ለምን አትበዪም?" አለችኝ።

"በኋላ እበላለሁ፣ ማዳም።"

"ይቀዘቅዛል፣ አሁን ብዪ እንጂ!"

"ስንዴ ያመኛል" አልኳት።

ከዚያ ሳንድዊቹን ተቀብላኝ ሄደችና በኩባያ የተቀቀለ በቆሎ ይዛልኝ መጣች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?"

"ከመምጣቴ በፊት።"

"ኸላስ፣ በቃ ብዪ" አለችና ሳንድዊቹን ራሷ በላችው።

ተቆጥታ ይሁን አዝና ከፊቷ መለየት አቃተኝ። ልትመልሰኝ ነው እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልቤ መለስ ያለው ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ፣ "ገብስስ ይስማማሻል?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው።